የሕግ ዐዋቂው በቤቱ

ሰው በሕግ ሙያ ሸምግሎ ሥራውን በተወ ጊዜ ምን ይቀረዋል? አንዳንዱ ዝናው፥ አንዳንዱም ያፈራው ሀብት ነው ይል ይሆናል። እኛ ግን ከሁሉ የሚተርፈው ዕውቀቱን በቤቱ የሠራበት መንገድ መሆኑን የተረዳነው በሰበካችን ከሚኖሩ ከአንድ አረጋዊ ጠበቃ ነው።

እኒህ አባት 37 ዓመት በጥብቅና ኖረዋል። ዛሬ በየሰንበቱ ከኪዳን ጸሎት ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያን አይታጡም፤ ሰበካ ጉባኤው ውል በሚዋዋልበት ጊዜ ያለ ዋጋ ይመክራሉ፤ ከቅዳሴ በኋላም የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ወደ ቤታቸው ያዘግማሉ። ይህን የሚያይ ሰው ዘመናቸውን ሁሉ እንዲህ የኖሩ ይመስለዋል፤ እሳቸው ግን ምስጋናውን አይቀበሉም።

በአንድ ሰንበት ከቤታቸው ገብተን ስንጫወት ፍትሐ ነገሥትን ከመደርደሪያው አወረዱና፥ «ይህ መጽሐፍ 51 አንቀጽ አለው፤ 22ቱ ስለ መንፈሳዊ፥ 29ኙ ስለ ሥጋዊ ጉዳይ የሚናገሩ ናቸው። ሊቃውንቱ ሁለቱን በአንድ ጥራዝ አስረዋቸዋል። እኔ ግን ገንጥዬ አንዱን ለሰንበት፥ ሌላውን ለቀረው ቀን አድርጌ ኖርሁ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሥራቸው ዘመን ከችሎት ሲመለሱ ክርክሩም አብሯቸው ወደ ቤት ይገባ ነበር። ባለቤታቸው ስለ ቤት ወጪ ቢናገሩ ማስረጃ ይጠይቃሉ፤ ልጅ ቢያጠፋ በመስቀለኛ ጥያቄ ያስጨንቁታል። የበኩር ልጃቸው የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፥ «አባባ፥ እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ እንጂ ተከሳሽ አይደለሁም» አላቸው። ለዚህም ቃል እንኳ መልስ አላጡለትም። ልጁ አድጎ ከወጣ ወዲህ ከዓውደ ዓመት በቀር የአባቱን ደጅ አልረገጠም፤ በመካከል እየተመላለሱ ፍቅሩ ጨርሶ እንዳይጠፋ የጠበቁት እናቱ ናቸው።

አባትየው ሥራቸውን በተዉበት ዓመት ለልጃቸው ረዥም ደብዳቤ ጻፉ፤ ምክንያቱ በተራ በተራ የተቈጠረ፥ ለይግባኝ የተዘጋጀ የሚመስል ነበር። ለንስሐ አባታቸው ቢያነቡላቸው ካህኑ፥ «ልጅዎን ሊረቱት ነው ወይስ ሊያገኙት?» ሲሉ ጠየቋቸው። ደብዳቤውን ቀደዱት። በማግሥቱም ከልጃቸው ቤት ሄደው ለደንበኞቻቸው እምብዛም ያልመከሩትን ቃል፥ «ጥፋተኛ ነኝ» የሚለውን፥ ቆመው ተናገሩ። ልጁ በዚያ ቀን አልመለሰላቸውም። ዕርቁ የተፈጸመው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይታክቱ ከተመላለሱ በኋላ ነው። ዛሬ እጁን ይዘው የሚሄዱት ሕፃን የዚያ ልጅ ልጅ ነው።

ሌላውን ለማስታረቅ ድፍረት ያገኙትም ከዚህ በኋላ ነው። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ኑዛዜ ተጣልተው መጡባቸው። አባታቸው መኖሪያ ቤቱን ሲጦራቸው ለኖረው ለታናሹ ተናዘዋል፤ ኑዛዜው ግን በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ በ3 የሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ብቻ የተነበበ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 881 እንዲህ ያለው ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት እንዲነበብ ያዛል። ኑዛዜው ከፈረሰ ውርሱ ለልጆች እኩል ይከፈላል። ጠበቃው ይህን አልሸሸጉም፤ ለታላቁ፥ «ሕጉ ከአንተ ጋር ነው» አሉት። ቀጥለውም፥ «የአባትህ ፈቃድ ምን እንደ ነበረ ግን ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ፥ «ዐውቃለሁ» አለ። ቤቱ ለታናሹ እንዲሆን፥ ታናሹም ለታላቁ በየጊዜው ገንዘብ እንዲከፍል በጽሑፍ ተስማምተው ፈረሙ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ኑዛዜ የሚያደርግ ሰው ምስክሩን አሟልቶ፥ ሕጉን ጠብቆ ያድርግ፤ ለልጆቹ ጠብ አያውርስ። ሕግ ድርሻን ይከፍላል፤ ወንድማማቾችን በአንድ ገበታ ማስቀመጥ ግን የይቅርታ ሥራ ነው። ጌታችንም በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 5 ዕርቅ ከመባ እንዲቀድም አስተምሮናል።

እንግዲህ አባቶችና እናቶች ሆይ፥ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ጥፋቱን ሊነግራችሁ ቢቀርብ ከመፍረዳችሁ በፊት እስኪጨርስ ስሙት። ያ አረጋዊ ያን ሰዓት መልሰው ለማግኘት ብዙ ዓመት ከፍለዋልና።