የብዙ ልጆች መምህርት ለአንድ ቤት ሞግዚትነት ስትጠራ

ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ልጁን በፍቅር የምታሳድግለት ደግ ሴት መፈለጉ የተገባ ነው። አባትና እናት ማልደው ለሥራ በሚወጡበት በዚህ ዘመንማ ፍለጋው እጅግ ጸንቷል። ስለዚህ አንዳንድ ባለ ጸጋ ቤተ ሰብ ሞግዚት ሲሻ ዐይኑን በመዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ቢጥል አይደንቅም። ልጁን ጧት ሲያደርስ የመምህርቷን ትዕግሥትና ንጽሕና ይመለከታል፤ ሕፃናቱ እንደሚወዷትም ያያል፤ ከዚያም ደመወዟን ጠይቆ ይረዳና ጥቂት ጨምሮ ወደ ቤቱ ይጠራታል። ይህ አድራጎት ከክርስቲያን ቤት የሚጠበቅ ነውን?

መምህርቷ በዓመቱ መካከል በሄደች ጊዜ የሚጎድለው አንድ ሰው ብቻ አይደለም። የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃን ፊደልን የሚቀበለው ከሚያምናት ሰው አፍ ነው። ተተኪ እስክትገኝ ድረስም ሁለቱ ክፍል ተደርቦ በአንዲት መምህርት ይጠበቃል። በሐረር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። በጀጎል ግንብ ውስጥና ከአምስቱ በሮች ውጪ ባለው ከተማ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሐረሪና ሶማልኛ ይነገራሉ፤ የሚያለቅሰውን ሕፃን በእናቱ ቋንቋ አባብላ ወደ ክፍሉ ቋንቋ የምታሻግር መምህርት በአንድ ሳምንት አትተካም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት የሁለት ዓመት ትምህርት እንዲኖር ስለ ወሰነ፣ መዋዕለ ሕፃናት የባለ ጸጋ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የልጅ ሁሉ መግቢያ በር ሊሆን ይገባል።

ነቢዩ ናታን ለንጉሥ ዳዊት የነገረውን ምሳሌ ታውቁታላችሁ። ብዙ መንጋ የነበረው ባለ ጸጋ እንግዳ በመጣበት ጊዜ ለራሱ በግ ሳስቶ የድኻውን ጎረቤቱን አንዲት በግ ወሰደ። ሞግዚት ለመቅጠር አቅም ያለው ቤት ከብዙ ሰዎች መካከል ለመምረጥ ይችላል፤ የወሩን ክፍያ በጭንቅ የሚከፍለው ጎረቤቱ ግን ለልጁ ያለችው ያችው መምህርት ናት። ምሳሌው እስከዚህ ድረስ ይስማማል፤ ከዚህ አልፎ ግን አይሄድም፤ መምህርት በግ አይደለችምና። አስባና መዝና የምትሄድ ነጻ ሰው ናት። እናቷን የምትጦርና የቤት ኪራይ የምትከፍል ብትሆን፣ የተሻለ ደመወዝ በመቀበሏ ማንም ሊነቅፋት አይገባም። ሕፃናቱን ስለምትወድ ተርባ ትቀመጥ ማለት የእኛን ዕዳ በእርሷ ትከሻ መጫን ነው።

ቢሆንም ቅሉ ጠሪው ቤት የምታጣውንም ሊነግራት ይገባል። በግል መዋዕለ ሕፃናት የምትሠራ መምህርት በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ትጠበቃለች፤ በአዋጁ መሠረት ቢያንስ 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አላት፤ ስትወልድም 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ታርፋለች። ይኸው አዋጅ ግን ትርፍ ለማግኘት ባልሆነ የግል አገልግሎት የተቀጠረን ሰው፣ ይኸውም የቤት ሠራተኛን፣ አይመለከትም። ስለዚህ ሁለት ሺህና ሦስት ሺህ ብር ጭማሪ ባገኘች ጊዜ ከሕጉ ጥላ ትወጣለች። ማዕርጓም አብሮ ይሄዳል፤ ትናንት ልጁ «መምህሬ» ይላት የነበረችው ዛሬ በስሟ ብቻ ትጠራለች፤ ነገ ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ሳሕን እንድታጥብ ትታዘዛለች።

ልጅን በቤት ማስተማር ለሐረር አዲስ ነገር አይደለም። ራስ መኰንን ሐረርን ሲገዙ ልጃቸው ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ የቤት መምህራን ነበሯቸው። ፈረንሳይኛ ካስተማሯቸው አንዱ ዶክተር ቪታሊየን ሐኪም ነበሩ፤ ሕፃኑን ያስተማሩትም ሕክምናቸውን ሳይተዉ ነው። ተፈሪም ብቻቸውን አልተማሩም፤ ዘመዳቸው እምሩ፣ በኋላ ራስ እምሩ፣ አብረዋቸው ነበሩ። በቤት የተማሩት እኒያ ልጅ ካደጉ በኋላ በ1917 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለብዙዎች የሚሆን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ከፈቱ። እንግዲህ ዛሬም ቢሆን መምህርቷ ክፍሏን ሳትለቅ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በስምምነትና በተገቢ ዋጋ ልጅን በቤት መርዳት ትችላለች። ሁለት ሦስት የጎረቤት ልጆችም በአንድነት ቢቀመጡ ወጪው ይቀልላል።

ይህ አልበቃ ብሎ ፈጽማ እንድትመጣ የሚፈልግ ቤት ቢኖር፣ ነገሩን በስውር አያድርገው። አስቀድሞ ለትምህርት ቤቱ ኀላፊ ይንገር፤ ዓመቱ እስኪፈጸም ይታገሥ። ሕጉ ለምትለቅ ሠራተኛ የሚጠይቃት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለሕፃናት ግን 30 ቀን ጥቂት ነው። የሥራውን ሰዓት፣ የዕረፍት ቀኗን፣ የሕመምና የወሊድ ጊዜዋን፣ ደመወዟንም በጽሑፍ ያኑር፤ አዋጁ የማይሰጣትን በውሉ ይስጣት። በቤቱም «መምህርት» ተብላ ትጠራ።

እኛ ወላጆችስ? አንድ ቤት በወር 3,000 ብር ጨምሮ ሊወስዳት ቢያስብ፣ ያው ገንዘብ ለ30 ወላጆች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 100 ብር ይሆናል። ለቀብር በየወሩ ለዕድር የምናዋጣ ሰዎች ነን፤ ለልጆቻችን መምህርት ማዋጣት እንዴት ይከብደናል? ለማይችለው ወላጅ የሚችለው ይክፈልለት። ጭማሪውም ለሌላ ወጪ እንዳይውል የወላጆች ኮሚቴ ይቈጣጠረው፤ በመምህርቷ እጅ መድረሱንም ያረጋግጥ።

ቅጥሩ ራሱ ኀጢአት አይደለም። የብዙ ልጆችን መምህርት በስውርና ያለ ጊዜው ማስለቀቅ ግን ግፍ ነው። በጥቂት ደመወዝ አስቀምጠናት ስትሄድ «ከዳችን» ማለትም ከዚያ ያነሰ ግፍ አይደለም።