ሪኬልሜን በአንድ ፔናሊቲ አትመዝኑት!

የሁዋን ሮማን ሪኬልሜ ስም በተነሳ ቁጥር «ያ ፔናሊቲ የሳተው?» የሚሉ አሉ። አዎ፣ በ2006 የቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የአርሰናሉ ሌህማን አድኖበታል። ግን ቪያሪያልን በመጀመሪያ ተሳትፎው እዚያ ያደረሰው ማን ሆነና?

ባርሴሎና እያለ ቫን ሃል ወደ ክንፍ ገፋው፤ ጥፋቱ ግን በተጫዋቹ ተላከከ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

የ2006ቱ የዓለም ዋንጫስ? አርጀንቲና ጀርመንን 1 ለ 0 እየመራች ፔከርማን በ72ኛው ደቂቃ ቀይሮ አስወጣው። ክሎዘ አቻ አደረገ፤ አርጀንቲና በመለያ ምት ተሰናበተች።

በዓመቱ ቦካ ግሬሚዮን በድምር 5 ለ 0 ረትቶ ሊበርታዶሬስን ሲያነሳ 3ቱን ግብ ያስቆጠረው እሱ ነው። ለራሱም 3ኛ ዋንጫው ነበር።

«አይሮጥም» ለምትሉ፦ ኳሷን ያሮጣት ነበር። ኪሎ ሜትር መቁጠር የሚወድ አትሌቲክስ ይመልከት!