መብራቱን አጥፍታችሁ ውኃውን ማን ይጠብቅ?

ሾፌር የሆናችሁ፣ ሾፌር ዘመድ ያላችሁ፣ ጋራዥ የምትሠሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይቺ ረዘም ትላለችና ታገሡኝ።

በቅርቡ ከነቀምት ወደ ኪራሙ በአይሱዙ ስመጣ መንገድ ላይ ቆመን ጋቢናው ተገለበጠ። ራዲያተሩ አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል። አጠገቡ ግን ሁለት ሽቦ ተጠማዝዞ በቴፕ ተጠቅልሏል። ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ሾፌሩ እየሳቀ «ቲቸር፣ የውኃ ማነስ መብራት ነበር። ኮፒው ራዲያተር የሴንሰር ቀዳዳ የለውም። መብራቱ አልጠፋ ብሎ ሲያስቸግረን ጋራዥ ሽቦውን አገናኙልን» አለኝ።

ልብ በሉ፤ ሴንሰሩ አልተበላሸም። «ውኃ ሁልጊዜ ሙሉ ነው» ብሎ እንዲዋሽ ነው የተደረገው። ይሄ ጥገና አይባልም።

ኮፒ ራዲያተር ለምን ተገዛ እያልኩ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። ያለን መኪና ገና ብዙ ዓመት አብሮን ይከርማል። ኦሪጅናል ራዲያተር የሚገዛ ስንት ሰው አለ? (በነገራችን ላይ «ኤሌክትሪክ ሲመጣ እንገላገላለን» የምትሉ፣ የብዙዎቹ ኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪም በኩላንት ነው የሚቀዘቅዘው።) የኔ ቅሬታ ራዲያተሩ ተቀይሮ ማስጠንቀቂያው ሲጣል ማንም እንደ ጉድለት አለማየቱ ነው።

«የሙቀት ጌጅ አለኝ፣ ምን ያስፈልገኛል?» የሚል መልስ ሁሌ እሰማለሁ። ጌጁ የሚለካው የተነከረበትን ውኃ ሙቀት ነው። ውኃው ከሱ በታች ከወረደ የሚነካው እንፋሎትና አየር ብቻ ነው። ሞተሩ እየጋለ ቀስቱ መሐል ላይ ሊቆም፣ እንዲያውም ወደ ታች ሊመለስ ይችላል። ሾፌሩ «ቀዘቀዘልኝ» ብሎ ነዳጅ ሲረግጥ ቴስታታው እየተጣመመ ነው።

ሌላው ከፍታችን ነው። ክፍል ውስጥ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል እንላለን፤ ያ በባሕር ወለል ላይ ነው። ነቀምት 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ስላለች ክዳን የሌለው ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ከዚያ በላይ ሞቆ ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ክዳኑ ካረጀና ግፊቱ ካመለጠ ቀስቱ ቀዩ ጋ ሳይደርስ ውኃው ፈልቶ ያልቃል። ከሙቀቱ በፊት ውኃ መጉደሉን የሚናገር ነገር ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አሮጌውን ራዲያተር ይዛችሁ ሂዱ፣ አዲሱ አጠገብ አቁሙትና ቀዳዳውን ፈልጉ። ሶማሌ ተራ ሰው የምትልኩም ከሆነ በስልክ «የአይሱዙ ራዲያተር» ብቻ አትበሉ፤ ፎቶ ላኩ፣ ሴንሰር መግጠሚያ ያለውን በሉ። ከጠፋ፣ ላይኛው ጋን አሉሚኒየም ከሆነ አሉሚኒየም የሚበይድ ባለሙያ መግጠሚያ ይበይድበታል። ፕላስቲክ ከሆነ ግን እባካችሁ አትብሱት፣ በግፊት ይሰነጠቃል።

የተሻለው መንገድ ላይኛውን የጎማ ቱቦ ቆርጦ መሐሉ ላይ የሴንሰር ጥርስ ያለው አጭር የብረት ቧንቧ ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ባለ አንድ ሽቦ ሴንሰር ኤሌክትሪኩን በውኃው አሳልፎ ወደ መኪናው አካል ነው የሚመልሰው። ቧንቧው ግን በሁለት ጎማ መሐል ተንጠልጥሏል፣ ኔጋቲቭ አያገኝም። ከቧንቧው ወደ ሻንሲ ሌላ ሽቦ ካልሳባችሁ ውኃው ሙሉ ሆኖ መብራቱ ይበራል፣ ከዚያ «አይሠራም» ተብሎ ተመልሶ ይቆረጣል።

የባትሪ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ አትልቀቁ። ኤሌክትሮሊሲስ የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ብረቱን ይበላዋል። ጥቃቅን ኤሌክትሪክ ብቻ የሚለቅ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል፤ ከቁልፍ በኋላ፣ በትንሽ ፊውዝ። የጭነት መኪና በአብዛኛው 24 ቮልት ነውና ለ12 የተሠራውን ገዝታችሁ እንዳታቃጥሉ። ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ የሚያበራ ይሁን። በኛ ኮረኮንች ውኃው ሲዋልል ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ሾፌሩን አሰልችቶ መቆረጡ አይቀርም።

«ሴንሰሩን መጠባበቂያ ጠርሙሱ ላይ እንግጠመው» የሚሉም አሉ። ጠርሙሱ ራሱ ግፊት የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ጥሩ ነው። ክዳኑ ራዲያተሩ ላይ ሆኖ ጠርሙሱ በቀጭን ቱቦ ብቻ የተያያዘ ከሆነ ግን አትመኑት። ቱቦ ከቀደደ ራዲያተሩ አየር ይስባል እንጂ ከጠርሙሱ ውኃ አይመልስም። ጠርሙሱ ሙሉ፣ ራዲያተሩ ባዶ።

ወጪው ይከብዳል ለምትሉ፣ ሴንሰርና መቆጣጠሪያውን ቴስታታ ከማስላጥ፣ ጋስኬት ከመቀየርና መኪናው ከሚቆምበት ቀን ጋር አስሉት። እሱ የባለመኪናው ሒሳብ ነው። የተሳፋሪው ሌላ ነው። ነቀምት ሪፈር የተባለች እናት፣ ገበያ የምትሄድ ሴት፣ ፈተና ያለበት ተማሪ ያንን ጥምዝ ሽቦ አላዩትም፣ ማንም አልጠየቃቸውም። በኛ መንገድ መኪና ተበላሽቶ ሲመሽ ምን ማለት እንደሆነ ለኪራሙ ሰው አላስረዳም።

ስለዚህ ጋራዥ ያላችሁ ልጆቼ፣ ባለመኪናው «መብራቱን ብቻ አጥፋልኝ» ሲላችሁ እምቢ በሉ። ካልሆነም ደረሰኙ ላይ «የውኃ ማስጠንቀቂያ አይሠራም» ብላችሁ ጻፉ፣ ዳሽቦርዱም ላይ ለጥፉ፤ ቀጣዩ ሾፌር ይወቀው። ገጥማችሁ የምታውቁ ካላችሁ የትኛው መኪና ላይ፣ በምን ዘዴ እንደሠራችሁት ከፎቶ ጋር ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ ለዚያ አይሱዙ ሾፌር እልክለታለሁ።