ከፍተኛ ሒሳብ የጥቂቶች ርስት አይደለም

ከፍተኛ ሒሳብን ከዩኒቨርሲቲ በፊት የማጥናትን ጉዳይ ለምሁራን ብቻ መተው የላብ አደሩን ልጅ ዕድል ለአጋጣሚ አሳልፎ መስጠት ነው።

የነገሮችን የለውጥ ፍጥነት የሚለካው ካልኩለስ የምሕንድስናና የፊዚክስ መሠረት ነው። ቀድሞ ያጠናው ተማሪ አእምሮውን በሞተሩና በድልድዩ አሠራር ላይ ያሳርፋል፤ ያላጠናው ግን ከአዲሱ ትምህርትም ከማያውቀው ምልክትም ጋር በአንድ ጊዜ ይታገላል። የካልኩለስ መግቢያ በ12ኛ ክፍል መርሐ ትምህርት ውስጥ አለ። ዳሩ ግን ምዕራፉ ሳይሸፈን ዓመቱ ሲያልቅ ክፍተቱን የሚሞላው አስጠኚ ለመቅጠር የቻለ ቤተሰብ ብቻ ነው። የኑሮ ልዩነት የዕውቀት ልዩነት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ልዩነቱ ግን የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 በሒሳብ ሊቁ በኮልሞጎሮቭ ጥረት በሞስኮ የተከፈተው አዳሪ ትምህርት ቤት ከዋና ከተማዋ ርቀው የሚኖሩ ወጣቶችን በችሎታቸው መርጦ ከፍተኛ ሒሳብ አስተምሯል። ሶቪየት ኅብረት በ1991 ብትፈርስም ትምህርት ቤቱ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ተሰጥኦ በየመንደሩ ይወለዳል፤ የሚያጣው አስተማሪና ዕድል ነው።

ስለሆነም የሠራተኛ ማኅበራትና የየሰፈሩ ነዋሪዎች የጥናት ክፍል ያዘጋጁ፤ የተማረውም ያልተማረውን ያስጠና። በጋራ የተገነባ ዕውቀት የጋራ ሀብት ነው!