ሁሉን ለአንዱ?

አንባቢዎቼ፣ ዛሬ ደግሞ ወደ ቪዲዮ ጌም ሠፈር ልውሰዳችሁ። ቡድን እየመሩ የሚዘምቱባቸው ጌሞች አሉ። ታዲያ አብዛኞቻችን ምን እናደርጋለን? ምርጡን ሰይፍ ለዋናው ገጸ ባሕርይ፣ ውራጁን ለተከታዮቹ!

ሰበብ አናጣም። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ፐርሶና 3 ዋናው ልጅ ከወደቀ፣ ጓደኞቹ በሕይወት ቢኖሩም ጨዋታው አበቃ። እሱን ብንሳሳለት ይፈረድብናል?

ግን በ1994 ወደ ወጣው ፋይናል ፋንታሲ 6 ኑ። እስከ 14 ገጸ ባሕርያት ይሰበሰባሉ። መጨረሻው ግንብ ላይ ሲደረስ ቡድኑ ለሦስት ይከፈላል። ጉዱ የሚፈላው ያኔ ነው! አንድ የማውቀው ልጅ የሚወዳቸውን አራቱን ብቻ ሲያደልብ ከርሞ፣ ሌሎቹ ገና በሩ ላይ ረገፉበት። ተመልሶ እነሱን ለማጠንከር ሦስት ሳምንት ፈጀበት።

ምክሬ አጭር ነው። ተጠባባቂዎቹን በየተራ አሰልፏቸው። አዲስ ጥሩር ስታገኙ መጀመሪያ ቁስል ለሚያድነው አልብሱ፤ እሱ ከወደቀ ጀግናችሁን ማን ያነሳዋል?

ልጆች ያላችሁም ስሙኝማ! ሁሉን ለበኩሩ ስትሉ የታናናሾቹ ተራ እንዳያልፍ። እነሱም ነገ ብቻቸውን መውጣታቸው አይቀርም።