ቅጠሉ መጣ፤ ሐኪሙ ቀረ

ምረቃና ሠርግ በተቃረበ ቁጥር ከእህቶቻችንም ከወንድሞቻችንም መካከል «የሚያከሳ የቻይና ሻይ» የሚፈላልጉ ብዙ ናቸው። ጥቅሉ ያምራል፤ ቅጠል ተስሎበታል፤ የሚሸጠውም «ጥንታዊ ነውና አይጎዳም» እየተባለ ነው። እኛ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው የቻይናን ሕክምና ለመንቀፍ አይደለም። በስሙ የሚካሄደው ንግድ ገዢውን የሚጎዳ፥ ሕክምናውንም የሚያሰድብ ሆኖ ስላገኘነው ነው። (ዘመኑን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያ ሕክምናው ራሱ ስለ ውፍረት ምን እንደሚል እንመልከት። ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የተጠናቀረው «ኋንግዲ ኔይጂንግ» የተባለው መጽሐፍ፥ ጣፋጭና ቅባት የሚያዘወትር ሰው እንደሚወፍርና በኋላም ውሃ ውሃ በሚያሰኝ በሽታ እንደሚያዝ ይናገራል። ይህም ዛሬ ስለ ስኳር በሽታ ከምናውቀው ብዙ የራቀ አይደለም። በልማዱ መሠረት ውፍረት የሚመጣው ጣፊያ ምግብን በሚገባ መለወጥ ሲያቅተውና እርጥበትና አክታ በሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ነው። የዛሬው ሳይንስ ይህን አይቀበልም። ነገር ግን ሐኪሙ የሚያደርገውን እናስተውል፤ ምላስ ያያል፥ የደም ሥር ትርታ ይዳስሳል፥ ስለ እንቅልፍና ስለ ምግብ ይጠይቃል፤ ለሁለት ወፍራም ሰዎችም ሁለት የተለያዩ መድኃኒቶች ሊያዝ ይችላል። የሚያክመው ሰውየውን እንጂ ኪሎውን አይደለም።

ወደ ገበያ የወጣው ግን ቅጠሉ ብቻ ነው፤ ሐኪሙ ቀርቷል። ከማክሻ ሻዮቹ ብዙዎቹ የያዙት ሰናመኪን ነው። ሰናመኪ ያስቀምጣል፤ በሚዛን ላይ የሚጎድለውም ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። በአንዳንድ ማክሻዎች ውስጥማ፥ በልብ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በ2010 ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣው ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት ተደብቆ ተገኝቷል። ማ ኋንግ የተባለውንም ተክል እንውሰድ። የቻይና ሐኪሞች ለብርድ፥ ለሳልና ለአስም ሲያዙት ኖረዋል። በውስጡ ያለው ኤፌድሪን የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስ የአሜሪካ ነጋዴዎች የማክሻ ክኒን አደረጉት፤ ልብንም እንደሚያስቸኩል ገዢው አላሰበም። የልብ ሕመምና የአንጎል ምት ካስከተለ በኋላ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2004 ከለከለው።

ከዚህ የከፋው በብሩክሴል የሆነው ነው። ከ1990 እስከ 1992 ለመክሳት ወደ አንድ ክሊኒክ የሄዱ ሴቶች የቻይና ቅጠሎች ከአውሮፓ መድኃኒቶች ጋር የተደባለቁበት ክኒን ተሰጣቸው። ከቅጠሎቹ አንዱ «ሀን ፋንግ ጂ» መሆን ሲገባው በስም የሚመስለው «ጓንግ ፋንግ ጂ» ተተካበት። ይህ ሁለተኛው አሪስቶሎኪክ አሲድ የተባለ መርዝ አለው። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተበላሸ፤ ብዙዎቹም በኩላሊት እጥበት ወይም በሌላ ሰው ኩላሊት ለመኖር ተገደዱ። በ2000 በታተመ ጥናት ደግሞ፥ የተበላሸ ኩላሊታቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው 39 በሽተኞች በ18ቱ ላይ የሽንት መተላለፊያ ካንሰር ተገኘ። ጥቂት ኪሎ ለመቀነስ የተከፈለው ዋጋ ይህ ነበር።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በነጋዴው ላይ ጥለን ልማዱን ነጻ ብናወጣ እውነት አይሆንም። ይኸው መርዝ ያለባቸው ተክሎች በቻይና ራሷ ለብዙ ዘመን ሲታዘዙ ኖረዋል፤ መንግሥቷ ጓን ሙ ቶንግን የከለከለው በ2003፥ ጓንግ ፋንግ ጂን ደግሞ በ2004 ነው። መርዙ የሚጎዳው በዕለቱ ሳይሆን ከወራትና ከዓመታት በኋላ በመሆኑ፥ በሽተኛውም ሐኪሙም ቅጠሉን ከሕመሙ ጋር ሊያገናኙት አልቻሉም። ኮሶ የጠጡ አያቶቻችን መጠኑ ሲበዛ እንደሚጎዳ ያውቁ ነበር፤ ጉዳቱ ወዲያው ይታያልና። ቀስ ብሎ የሚገድለውን ለመለየት ግን መዝገብና ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል።

ልማድና ሙከራ ሲተባበሩ ምን እንደሚገኝ ቻይናዊቷ ሊቅ ቱ ዮዮ አሳይተዋል። የወባ መድኃኒት ሲፈልጉ፥ የ4ኛው መቶ ዓመት ሐኪም ጌ ሆንግ ቅጠሉን በውሃ ነክሮ መጭመቅን እንጂ ማፍላትን እንዳላዘዘ አስተዋሉ። እርሳቸውም በዝቅተኛ ሙቀት አወጡት፤ በእንስሳ ሞከሩት፤ በራሳቸውም ላይ ሞከሩት፤ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ኢትዮጵያም ከዚሁ ተክል የተገኘውን ኮአርቴምን በ2004 ለወባ ቀዳሚ መድኃኒት አድርጋ ስለ ተቀበለችው፥ ከመካከላችን በዚያ ቅጠል የዳነው ጥቂት አይደለም።

ታዲያ ለውፍረት ይህን ያህል የተመሰከረለት የቻይና ቅጠል አለን? እስከ ዛሬ የለም። የመርፌ ሕክምና መጠነኛ ክብደት ቀነሰ የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ ጥቂት ሰዎችን ለአጭር ጊዜ የተከታተሉ ናቸው። የተሻለ ማስረጃ ያለው ታይ ቺ የተባለው ዝግ ያለ የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። በሆንግ ኮንግ 543 ጎልማሶችና አረጋውያን በተካፈሉበትና በ2021 በታተመው ጥናት፥ ለ12 ሳምንት ታይ ቺ የሠሩት ሰዎች ወገብ ምንም ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸር በ1.8 ሴንቲ ሜትር ቀነሰ፤ ተራ ስፖርት የሠሩት በ1.3። ውጤቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ኩላሊት አያስከፍልም።

ስለዚህ በበኩላችን የምንለው ይህ ነው። የቻይና ሐኪም ዘንድ መሄድ የሚሻ ይሂድ፤ ነገር ግን የሚሰጠውን ቅጠል ሙሉ ስም ይጠይቅ፥ ለሌላውም ሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር። በውስጡ ያለው ያልተጻፈበትን ሻይ ማንም አይግዛ፥ ለጓደኛውም አያቀብል። «ጥንታዊ ነው» የሚለው ቃል ለጥናት መነሻ እንጂ የደኅንነት ማረጋገጫ አይሁነን። በአንድ ወር ለመክሳት የሚሮጥ ወዳጅ ያለውም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይበለው። ውሃ ሲደፋ ይለቀም ይሆናል፤ የተበላሸ ኩላሊት ግን አይለቀምም።

የተለየ አስተያየት ያለው ወንድም ወይም ያላት እህት ብትኖር ትጻፍልን፤ ገጻችን ክፍት ነው።