ለቆላ የምንልከው ሶላር የቆላን ሙቀት ይወቅ

ሰሞኑን እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የማኅበራችን አባላት ተሰብስበን ነበር። በመተማ ቆላ ላለ አንድ ጤና ኬላ ሶላር ለመግዛት ገንዘብ አዋጥተናል። "ትልቁን ዋት እንግዛና እንገላገል" የሚለው ሐሳብ ቤቱን በጭብጨባ ሞላው። እኔ ግን አላጨበጨብኩም።

ምክንያት አለኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ የቆላ ጤና ኬላ የላክነው ሶላር ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ተተከለ። ፀሐዩ እየነደደ ባትሪው አይሞላም፤ ማቀዝቀዣው ሌሊት ይጠፋል። ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይበላሻል። ያኔ "ዕቃው የማይረባ ነው" ብለን ሻጩን ረገምን። ጥፋቱ ግን የእኛም ነበር።

ሶላር ብርሃን ይወዳል፤ ሙቀት አይወድም። እዚህ ሜሪላንድ እንኳ ጥርት ባለ ቀዝቃዛ የሚያዝያ ቀን ከሐምሌው ወበቅ የተሻለ ሊያመነጭ ይችላል። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው ፓኔሉ ራሱ 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ቆላ ውስጥ፣ በቀትር፣ ትኩስ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ፓኔል 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። የተለመደው የሲልከን ፓኔል ከ25 በላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። የ40 ዲግሪ ልዩነት ማለት ከ100 ዋት 16ቱ በነነ ማለት ነው።

ቲን ፊልም የሚባለው ስስ ሶላር ሙቀትን የተሻለ ይችላል። ከካድሚየም ቴሉራይድ የሚሠራው በዲግሪ 0.3 በመቶ፣ አሞርፈስ ሲልከን የሚባለው 0.2 በመቶ ገደማ ነው የሚያጣው። በዚያው ሙቀት ኪሳራው 12 እና 8 ዋት ይሆናል።

ታዲያ ቲን ፊልም እንግዛ? ቀስ እንበል! ለተመሳሳይ ዋት ሰፋ ያለ ጣራ ይፈልጋል። አሞርፈሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፀሐይ ሲመታው አቅሙ ይቀንሳል። በጠርዙ እርጥበት ከገባበትም ይጎዳል። ደብረ ብርሃን ቢሆን ደግሞ ብርዱ ራሱ ለተራው ሲልከን ያግዘዋል፤ ጭንቀቱም አያስፈልግም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ዋት ከመቁጠራችን በፊት ቦታውን እንጠይቅ። ሻጩ ፓኔሉ በዲግሪ ስንት እንደሚያጣ የሚገልጸውን ወረቀት ያሳየን። ሒሳቡ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት፣ እንዲሁም በክረምት ደመና ይሠራ። ተካዩ በቆርቆሮውና በፓኔሉ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ይተው፤ ነፋስ ይለፍበት። በበጋ አቧራውን ለሚጠርግ ሰውም ከአሁኑ በጀት ይያዝ።

ይህ ሁሉ ከትልቁ ዋት ይልቅ በርካሽ ያልቃል። እኛ እዚህ በኤሲ ቤት ተቀምጠን የምናጨበጭብለት ቁጥር፣ እዚያ ሌሊት ላይ ማቀዝቀዣውን ካላሠራ ምን ይፈይዳል?